አንድም ቀን ያልቀረ ሰው

ጳጉሜን 1 በመጣ ቁጥር ካል ሪፕከን ትዝ ይለኛል። በዚያ ሰሞን ሰው ስለ ጳጉሜን ዝናብ፣ ስለ ጠበሉ፣ ስለ በዓሉ ዶሮ ያወራል። የኔ ሐሳብ ባልቲሞር ይሄዳል። ጳጉሜን 1 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 6፣ 1995፣ ረቡዕ ማታ። ያን ማታ አንድ የቤዝቦል ተጫዋች አንድም ቀን ሳያስታጉል 2,131ኛ ጨዋታውን ተጫወተ። 56 ዓመት ሙሉ ማንም ያልደረሰበት ክብረ ወሰን ተሰበረ። እኔ ዋሽንግተን ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ሕንጻ ሥር ካለ ፓርኪንግ፣ ኪዮስክ የምታክል የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

ይህን ታሪክ ለሀበሻ ወዳጆቼ ሳወራ ሁሌም አንድ ጥያቄ ይመጣል። «ታዲያ ምን አደረገ?» ይሉኛል። ሮጠ? ዘለለ? ስንት አገባ?

ሥራ ገባ። በቃ፣ በየቀኑ ሥራ ገባ።

ይሄ ቀላል የሚመስለው ሰው ቤዝቦልን አያውቀውም። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ አለው። በስድስት ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ፣ ዛሬ እዚህ ነገ ሌላ ከተማ፣ ለእረፍት የሚተርፈው ቀን ጥቂት ነው። ሪፕከን ደግሞ ይጫወት የነበረው ሾርትስቶፕ ነው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሐል። ቤዝ ማለት ሯጩ የሚረግጠው ማረፊያ ነው። ኳሱ በብዛት የሚመታው ወደዚያ ነው። እየተንሸራተተ የሚመጣው ሯጭ እግር የሚያርፈውም እዚያው ነው። ከሜይ 30፣ 1982 ጀምሮ 13 ዓመት አንድ ጨዋታ አላመለጠውም።

ከሱ በፊት ሪከርዱን ይዞት የነበረው የኒውዮርክ ያንኪሱ ሉ ጌሪግ ነው። ከ1925 እስከ 1939 ድረስ 2,130 ጨዋታ። ጌሪግ ያቆመው ሰልችቶት አይደለም። ጡንቻው እየከዳው መጣ። ሜይ 2፣ 1939 ዲትሮይት ላይ ራሱ ወደ አሠልጣኙ ሄዶ ዛሬ አልሰለፍም አለ። ከዚያ ወዲያ አንድም የውድድር ጨዋታ አልተጫወተም። በ1941፣ 38 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሞተ። አሜሪካኖች በሽታውን እስከ ዛሬ በሱ ስም ይጠሩታል። እናም ይህ ሪከርድ የሟች ሪከርድ ነበር። ብዙ ሰው ማንም እንዳይነካው የሚፈልገው ዓይነት።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

አባቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ አስተማሪ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስም ይጠራል። ልጁ «አቤት» ካለ በሰማያዊ እስክሪብቶ ትንሽ ጭረት ያደርጋል። ዝም ከተባለ በቀይ «ቀ» ይጽፋል። ቀሪ ማለት ነው። እኔም እሱ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ልጁ ነው ብሎ አላለፈኝም። በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ትኩሳት ይዞኝ፣ የእናቴን ጋቢ ደርቤ ሄጄ «አቤት» ያልኩበት ጠዋት አለ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፣ ሁለተኛ ጠራኝ። ሁለተኛ «አቤት» አልኩ። ጭረቷን አደረገና ወደ ቤት መለሰኝ። «ምንም ባታውቅ ተገኝ» ይል ነበር።

አሜሪካ የገባሁት በፈረንጆቹ 1991 ነው፣ በሱዳን በኩል። በዓመቱ ፓርኪንግ ተቀጠርኩ። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የባልቲሞር ሰው። በየቀኑ በባቡር ይመላለሳሉ። አንቴናዋ በፕላስተር የተጠገነች ትንሽ ሬዲዮ ነበረቻቸው። ቤዝቦል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የፓርኪንግ ደረሰኝ ገልብጠው ሜዳውን ሣሉልኝ። አራት ማዕዘኑን፣ ወርዋሪው የሚቆምበትን፣ መቺው የሚሮጥበትን። ከዚያ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሐል ነጥብ አድርገው «ይሄ ካል ነው» አሉኝ። ሌሎቹን ስምንት ተጫዋቾች አልነገሩኝም። ያ ደረሰኝ ለረጅም ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ዋሽንግተን ያኔ የራሷ ቡድን አልነበራትም። የነበራት በ1971 ጥሏት ሄዷል፣ ሌላ ያገኘችው በ2005 ነው። ስለዚህ ከተማው ውስጥ የሪፕከንን ቡድን፣ የባልቲሞሩን ኦሪዮልስን የሚደግፍ ብዙ ነበር። ሪፕከን ደግሞ የሠፈር ልጅ ነው፤ ያደገው እዚያው ሜሪላንድ፣ አበርዲን የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱም ዕድሜያቸውን ለዚሁ ቡድን የሠሩ ናቸው። አሠለጠኑ፣ ዋና አሠልጣኝም ሆኑ። በ1988 ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጨዋታዎች ሲሸነፍ አባረሯቸው። ልጅየው አባቱ በተባረሩበት ቡድን በማግሥቱም ተሰለፈ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ከቤዝቦሉ ሕግ ይልቅ ይሄ ገባኝ።

ታኅሣሥ 1986 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1993 ማብቂያ ላይ፣ እሁድ በጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሦስት ጓደኞቼና የቤተ ክርስቲያናችን አንድ ቄስ። አራት ሰው በአንድ ላይ እሁድ በጠዋት ከመጣ፣ ስደት ላይ ያለ ሀበሻ ምን እንደሆነ ያውቃል። ገና ቁጭ ሳይሉ አወቅሁ። አባቴ ካረፈ አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር።

መሄድ አልችልም። የጥገኝነት ጉዳዬ አልተወሰነም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ሰው ቤቴ ተሰበሰበ፣ ፍራሽ ተነጠፈ፣ አለቀስን። ሰኞ ጠዋት ግን ሥራ ገባሁ። ማክሰኞም ገባሁ። ማታ ማታ ሰው እየመጣ ያስተዛዝነኛል፣ ቀን ቀን መኪና አቆማለሁ። አንዳንዶቹ ተቀየሙኝ። «ምን ዓይነት ልብ ነው? ለአባቱ ሦስት ቀን አይቀመጥም?» ተባለ። አልፈርድባቸውም። እኔ ግን አንድ ቀን የቀረሁ እንደሆነ የምፈርስ መስሎኝ ነበር። ያኔ የነበረኝ ብቸኛ ነገር አለመቅረቴ ነው።

ሽማግሌው የነገርኳቸው ሰኞ ዕለት ነው። ቡና አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ። ምንም አላሉም። ያን ሳምንት ወደ ታች የሚወርደውን መኪና ሁሉ ያወረዱት እሳቸው ናቸው።

ለዚህ ነው በሪፕከን ሲነሱበት የሚያመኝ። መምታት ሲያቅተው፣ «እረፍት ያስፈልገዋል፣ ቡድኑን እየጎዳ ነው፣ የሚጫወተው ለሪከርዱ ነው» ይሉት ነበር። ለራሱ ብቻ የሚያስብ ሰው አደረጉት። እኔ ደግሞ እንዲህ እል ነበር፤ አሠልጣኙ ስሙን ይጠራል፣ እሱ «አቤት» ይላል፣ ምን አጠፋ? በ1993 ጁን ላይ ከሲያትል ጋር ሲጫወቱ ሜዳ ላይ ትልቅ ጠብ ተነሥቶ ጉልበቱ ተጠመዘዘ። በማግሥቱ ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ መቆም አቃተው። ማታ ተሰለፈ።

ሪከርዱ ሊበላሽ የተቃረበው ግን በጉልበቱ አይደለም። በ1994 ኦገስት ተጫዋቾቹ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። የዓመቱ ጨዋታ እዚያው ላይ ቀረ፣ የዋንጫው ፍጻሜም ተሰረዘ። ከ1904 ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የቡድን ባለቤቶቹ በጸደይ ሌላ ሰው ቀጥረን እናጫውታለን ሲሉ የኦሪዮልሱ ባለቤት እምቢ አለ። እሺ ቢል ኖሮ ቡድኑ ያለ ሪፕከን ሊጫወት ነበር፣ ያ ሁሉ ዓመት ሊበጣጠስ። ሽማግሌው ያን ክረምት ሬዲዮዋን ጨርሶ አላመጧትም። እኔ የተመለሰችበትን ቀን ነው የማስታውሰው፤ ኤፕሪል መጨረሻ፣ ከምሳ ዕቃቸው ጋር በአንድ ፌስታል።

በዚያ በጋ ሌላም ደስታ ነበረን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በጁን መጀመሪያ ሄንግሎ ላይ የ10,000 ሜትሩን ክብረ ወሰን ሰበረ። ኦገስት 16 ደግሞ ዙሪክ ላይ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ44.39 ሰከንድ ገባ። የነበረው ሪከርድ 12 ደቂቃ ከ55.30 ነው። ሰው በሰከንድ ሽራፊ በሚጣላበት ሩጫ ወደ 11 ሰከንድ ቀነሰለት! አሥራ ስምንተኛ መንገድ ላይ ያሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች ያን ሰሞን ወሬያቸው ይኸው ብቻ ነበር። እኔም እንደማንኛውም ሰው ጮኬያለሁ። ግን ለሽማግሌው ስለ ኃይሌ ስነግራቸው አንድ ልዩነት ታየኝ። ዙሪክ ላይ ያን ማታ ያን ያህል ይቀንሳል ብሎ ያሰበ የለም። ዱብ አለ። የሪፕከን ግን ቀኑ ታውቋል። ዝናብ ካልመጣ፣ ካልታመመ፣ ሴፕቴምበር 6። ሰው የቀን መቁጠሪያው ላይ አክብቦ ይጠብቃል። እንደ ሠርግ፣ ወይም እንደ እርጉዝ ሴት ወር። የሚጠበቅ ነገር የራሱ ደስታ አለው፣ የራሱ ፍርሃትም አለው። ሽማግሌው የመጨረሻውን ሳምንት ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ነበር የከረሙት።

የኦሪዮልስ ሜዳ በሆነው ካምደን ያርድስ ስታዲየም፣ በቀኝ በኩል ከሜዳው ወዲያ ረጅም የጡብ መጋዘን አለ። ግድግዳው ላይ ሳያቋርጥ የተጫወታቸውን ጨዋታዎች ቁጥር በትላልቅ ጨርቅ ሰቅለውት ነበር። ጨዋታው ሕጋዊ ሆኖ የሚቆጠርበት ሰዓት ሲደርስ ጨርቁ ይወርድና አዲሱ ቁጥር ይታያል። ይህን ልብ በሉልኝ። ቤዝቦል ዘጠኝ ዙር ነው፣ ግን አምስት ዙር ካለቀ በኋላ ዝናብ ቢያቋርጠው እንኳ ጨዋታው እንደ ተደረገ ይቆጠራል። ባለሜዳው እየመራ ከሆነ አራት ዙር ተኩል ይበቃል። ስለዚህ ሪከርዱ የሚሰበረው ኳስ ሲመታ አይደለም፣ መስመር ሲታለፍም አይደለም። ተጫዋቾቹ ቦታ ሊቀያየሩ ሲወጡ ነው፣ ማንም ምንም በማያደርግበት ሰዓት። ለመገኘት ሪከርድ ከዚህ የተሻለ ሰዓት ማን ይመርጥለታል?

ያን ማታ የሽማግሌው ፈረቃ አልቋል። ግን አልሄዱም። «ባቡር ላይ እያለሁ ከሚያመልጠኝ» አሉ። የመስታወቷ ክፍል አንድ ወንበር ነው ያላት፤ እሳቸው ተቀመጡ፣ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ስታዲየሙ ውስጥ ከ46 ሺህ ሰው በላይ አለ። ፕሬዚዳንት ክሊንተንም መጥተዋል። የመጀመሪያዋን ኳስ የወረወሩት የሪፕከን ሁለት ልጆች ናቸው። ተጋጣሚው የካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ነው። አራተኛው ዙር ላይ ሪፕከን ሆም ራን መታ፤ ኳሷን ከሜዳው አጥር ወዲያ አሳለፋት ማለት ነው። በተከታታይ ሦስተኛ ቀኑ ነበር ሆም ራን ሲመታ። ሽማግሌው ጉልበቴን በጥፊ መቱት።

ከመሬት በታች የመኪና ሬዲዮ አይሰማም። መኪናው ወደ መውጫው ዳገት ሲጠጋ ነው ድምፁ የሚመጣው፣ እኛ ካለንበት ትንሽ ዝቅ ብሎ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ገደማ አንዲት ሴትዮ መጣች። ትኬቷን ሰጠችኝ፣ ከፈለች፣ በሩን ከፈትኩላት። አልሄደችም። መስኮቷን ዝቅ አድርጋ መሪዋን እንደ ያዘች ቆመች። ከኋላዋ አንድ መኪና መጣ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት። በዚያ ከተማ መብራት አረንጓዴ ሆኖ አንድ ሰከንድ ከዘገየህ ጥሩንባ ይነፋብሃል። ያን ማታ አንድም ሰው አልነፋም። ሁሉም ያንኑ ጣቢያ ከፍቶ ነበር። ጨርቁ ወረደ። 2,131። ጭብጨባው ከመኪኖቹና ከሽማግሌው ሬዲዮ በአንድ ጊዜ ወጥቶ ያንን ሲሚንቶ ዋሻ ሞላው። በሩ ተከፍቶ ማንም አይወጣም። ሴትዮዋ ታለቅሳለች። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

22 ደቂቃ ቆየ። ጨዋታው 22 ደቂቃ ቆመ፣ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ሄዱ፣ ሌሎች እየመጡ ቆሙ። እኔ አባቴን እያሰብኩ ነበር። 46 ሺህ ሰው ለአንድ ሰማያዊ ጭረት ሲያጨበጭብ ቢሰማ ምን ይል እንደነበር።

በዓይኔ ያየሁት በማግሥቱ በቴሌቪዥን ነው። ሪፕከን ወጥቶ እጁን ያነሣል፣ ይገባል፣ ጭብጨባው አይቆምም፣ እንደገና ይወጣል። በመጨረሻ ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ራፋኤል ፓልሜሮና ቦቢ ቦኒያ፣ ከኋላ ገፍተው አስወጡት። በሜዳው ዳር እየዞረ የተመልካቹን እጅ ጨበጠ። የተቃራኒውን ቡድን ተጫዋቾች ሳይቀር ጨበጠ። ማልያውን አውልቆ ለልጆቹ ሰጣቸው። ከሥር የለበሰው ካናቴራ ላይ ለአባባ ከ2,130 በላይ መሳምና ማቀፍ የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። አባቱ ከላይ ካለው ክፍል ሆነው ቁልቁል ያዩታል። እኒያ በዚህ ቡድን የተባረሩት አባት። ሁለቱ ተያዩ። ሩቅ ለሩቅ ናቸው፣ አልተነጋገሩም። ያቺን ቦታ እየመለስኩ ስንቴ እንዳየኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከጨዋታው በኋላ ጆ ዲማጂዮ ተናገረ። የጌሪግ ጓደኛ ነበር፣ አብሮት ተጫውቷል። ጌሪግ የትም ይሁን የት ለዚህ ልጅ ኮፍያውን እንደሚያነሣለት ተናገረ። ሪፕከንም ስሙ ከጌሪግ ስም ጋር አብሮ መጠራቱ እንደሚከብደው ገለጸ፤ የሚያገናኛቸውም ከጨዋታው ብዛት ይልቅ ለጨዋታው ያላቸው ፍቅር እንደሆነ ተናገረ። በዚያ ሜዳ የተሸነፈ ሰው አልነበረም። በዓመቱ የጃፓኑን የሳቺዮ ኪኑጋሳን 2,215 ጨዋታ ሲያልፍም እንደዚያው ሆነ፤ ኪኑጋሳ ራሱ ካንሳስ ሲቲ ድረስ መጥቶ አየው።

ወረቀቴ በ1997 ተሰጠኝ። አሁን አገር ቤት መሄድ እችላለሁ። አልሄድኩም። እናቴ በስልክ «መቼ ነው?» ትላለች፣ እኔ «በሚቀጥለው ዓመት፣ ሥራ በዛብኝ» እላለሁ። ሥራው አልበዛም። አንድም ቀን አልቀረሁም የምለው ነገር ቀስ በቀስ መደበቂያዬ ሆኖ ነበር። ዋሽንግተን ተገኘሁ ባልኩ ቁጥር አባቴ መቃብር ላይ «ቀ» እየተጻፈብኝ ነው። ይህን ያኔ ለራሴ አልነገርኩትም።

ሴፕቴምበር 20፣ 1998፣ መስከረም 10 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ እሁድ ማታ። ባልቲሞር፣ ከያንኪስ ጋር። ሪፕከን ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው አሠልጣኙን ዛሬ ይቅርብኝ አለው። አልታመመም። ማንም አላስገደደውም። 2,632 ላይ በገዛ ፈቃዱ አቆመ። ቦታውን ለአንድ አዲስ ልጅ ሰጠው። ያንኪሶቹ ነገሩ ሲገባቸው ከመቀመጫቸው ወጥተው ቆመው አጨበጨቡለት። የጌሪግ ቡድን ነው፣ አትርሱ። በማግሥቱ ተመልሶ ተጫወተ። ሰማይ አልወደቀም። አባቱ ከስድስት ወር በኋላ አረፉ።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። «ፈቃድ እፈልጋለሁ» አልኩት። ስድስት ዓመት ጠይቄው ስለማላውቅ መጀመሪያ አልሰማኝም መሰለኝ። «ስንት ቀን?» አለኝ። «አንድ ወር» አልኩት።

ጥር ላይ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ብርዱ እንደ ድሮው ነው። እናቴ ጋቢዋን ደርባ ይዛኝ ሄደች፣ ደብሩ ግቢ ውስጥ፣ ከጥዱ ሥር። አባቴ እዚያ ነው። ድንጋዩ ላይ ስሙና ዓመተ ምሕረቱ አለ። ብዙ ቆምን። ከግቢው ጀርባ የተማሪ ቤት ደወል ተደወለ፣ የሕፃናት ጫጫታ ተሰማ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ስም ሊጠሩ ነው ብዬ አሰብኩ። ድምፄ ከምጠብቀው በላይ ጎላ ብሎ «አቤት» አልኩ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። «አልጠራሁህም እኮ» አለችኝ።